የሰርጌ ኮት በፌስቡክ

«የመጨረሻ ስንት?» የሚሉትን ሰዎች ታውቋቸው የለ? ሰላምታ የለ፣ እንደምን ዋልክ የለ፣ ዋጋ መቁረጥ ብቻ! እንዲህ ያለው ሰው ገነት በር ላይም ቆሞ «ቅናሽ የለውም?» ማለቱ አይቀርም።

አንዱ እኔን ገጠመኝ። በመተማ ሙቀት የሱፍ ኮት ምን ያደርግልኛል ብዬ፣ በሐሰት ስም ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። «ከካርቱም የመጣ፣ ያልተለበሰ» አልኩ። ሰውዬውም በሐሰት ስም ሳምንቱን ሙሉ ተከራከረኝ፤ ደባርቅ ለቅሶ ልሄድ ነው፣ ብርዱን አልችለውም አለ። በግማሽ ዋጋ ተስማምተን ሸሕዲ መናኸሪያ ተቃጠርን።

ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? የሚስቴ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ ደሳለኝ! ለሰርጌ ያንን ኮት ያለበሱኝ እርሳቸው ናቸው።

ገበሩን ገልጠው አዩት። «እኔ ጎንደር ያሰፋሁልህ ኮት መቼ ነው ካርቱም ደርሶ የመጣው?» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እርሳቸው ግን ብሩን ቆጥረው ሰጡኝና በዚያ ሐሩር ኮቱን ደርበው ወደ አውቶብሱ ዞሩ።

ብሩን መመለስ ነበረብኝ፣ አይደል? አፌን ስከፍት የወጣው ግን ምን መሰላችሁ?

«ጋሼ፣ የባጃጅ አይጨምሩልኝም?»