ሊቀ ጫማ ኦድቫር

ኦድቫር አንድ ጉልበቱን መሬት ላይ ተክሎ፣ የማያውቃትን ሴት የቦት ጫማ አፍንጫ በአውራ ጣቱ ይጫናል። ሴትየዋ የጫማ ሱቁ ሠራተኛ መስሏታል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት የበረዶ አገር የለም። ሱቅ የለውም፣ አይሸጥም፣ አይገዛም፤ ግን እሱ ሳይፈቅድ ማንም የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ይዞ ከሱቁ አይወጣም። የሴልዳል መንደር ሰዎች ፊት ለፊቱ በአክብሮት፣ ከኋላው በሳቅ «ሊቀ ጫማ» ይሉታል።

በቀጭን የሜዳ ጫማ ተራራ ሊወጣ ያሰበ ጎረምሳ ካገኘ፣ «ቁርጭምጭሚትህን ለማን ልታወርስ ነው?» ይለዋል። ለቀላል መንገድ ከባዱን የመረጠውን ደግሞ ልታርስበት ነው ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። አንድ ጊዜማ ቄሱን ከቀብር መልስ አስቁሞ፣ ለሰፊ እግር ጠባብ ጫማ መግዛት ኃጢአት መሆኑን አስረድቷቸዋል ይባላል።

ሚስቱ ሲግኔ ብርቱካን የያዘ ከረጢቷን አቅፋ፣ በሱቁ በር አጠገብ ቆማ ታዳምጠዋለች። እሷ ከተጋቡ ወዲህ ጫማ መርጣ አታውቅም። ጫማውን ከመንሸራተቻው ጋር የሚያያይዘውን ማያያዣም ራሷ ዘግታ አታውቅም። የድሮው ማያያዣ ጎንበስ ብለው በእጅ የሚጫኑት ነው፤ የሲግኔ ዳሌ ደግሞ መጎንበስን ከተወ ቆይቷል። ስለዚህ ተራራ ሲወጡ፣ ኦድቫር ከየእረፍቱ ሲነሡ በረዶው ላይ ይንበረከክና፣ «የንግሥት አሽከር ሆኜ ቀረሁ» እያለ እያጉረመረመ ይዘጋላታል። ፍቅር የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ሲግኔ ግን ከላይ ሆና የሱፍ ኮፍያውን ጫፍ ስታይ፣ የጎደለባት ነገር አልነበረም።

በዚያ ክረምት ሐኪሙ የኦድቫር ልብ ከእንግዲህ ዳገት እንደማይችል ነገራቸው። ሲግኔም እንዲያ ከሆነ ለፋሲካ በየዓመቱ ወደሚሄዱበት የተራራ ጎጆ አልወጣም አለች። ጎረቤቷ ማግንሂልድ አብረን እንሂድ ብትላትም እምቢ አለች።  በማግስቱ ኦድቫር ለእሷ አዲስ ጫማና አዲስ ማያያዣ ገዝቶ መጣ፤ በልኩ ከረገጡት ያለ እጅ ራሱ የሚዘጋ ዓይነት። ሊቀ ጫማ ሲገዛ አይቶ የማያውቀው ባለሱቅ ደንግጦ ለሲግኔ ስልክ ደወለላት።

ኦድቫር ማያያዣውን ገጠመና የሳሎኑን ምንጣፍ ጠቅልሎ መንሸራተቻዎቹን ወለሉ ላይ ዘረጋ። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጆቹን ከጭኑ ሥር ደበቀ።

«ርገጪ።»

«ጎንበስ በልና አሳየኝ እንጂ።»

«አልጎነበስም። መጀመሪያ ከጫማሽ ሥር ያለውን በረዶ በዱላሽ አራግፊ።»

«ሳሎን ውስጥ ደግሞ የምን በረዶ?»

«ተራራው ላይ ይኖራል። እኔ ግን አልኖርም።»

ሲግኔ ረገጠች፤ ሳተች። ደግማ ሳተች። ይህ ሽማግሌ ሊገላገለኝ ነው እንዴ ብላ በልቧ ተናደደችበት። ሰውየው ግን ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ በጫማው አፍንጫ ከጣቷ ሥር ያለችው ዘንግ ማያያዣው ውስጥ ገባችና ቀጭ አለች። ኦድቫር ፊቱን ወደ መስኮቱ መልሶ በረዶው እየረጠበ ነው አለ። እጆቹ ግን ሊዘጉላት ከጭኑ ሥር ግማሽ ወጥተው ነበር። የሲግኔ ንዴት ያኔ ጠፋ። ወደ ጫማው አየችና የቀኙ ትንሿ ጣቴ ላይ ይጠበኛል አለችው።

እንከን በመገኘቱ ፊቱ በራ። «ሐሙስ ወስጄ አስለጥጠዋለሁ» አለ። «ባለሱቁ አያውቅበትም፤ አጠገቡ እቆማለሁ።»

ረቡዕ ጠዋት ከአልጋው አልተነሣም።

ከቀብሩ በኋላ፣ ለፋሲካ፣ ሲግኔ ከማግንሂልድ ጋር ወጣች። በየእረፍቱ ከጫማዋ ሥር ያለውን በረዶ አራገፈች፣ ራሷ ረገጠች፣ ራሷ ዘጋች። ባለሱቁ ጫማውን ትስደድልኝ፣ ማስለጠጡ ግማሽ ቀን አይፈጅም ብሎ ደጋግሞ ልኮባታል። እሷም እሺ ትለዋለች። ጫማው እስከ ዛሬ አልሄደም።