ቫዮሊኔን እንደ ጫት ጠቅልዬ

ቫዮሊን ለድሬዳዋ አልተፈጠረም፤ ድሬዳዋም ለቫዮሊን! ይህን የምላችሁ ሁለቱን ላጋባ ብዬ መሃል የገባሁት ሰው ነኝ። ከሽምግልናው ያተረፍኩት እርጥብ ጆንያ ብቻ ነው…

ዕድሜዬን አዲስ አበባ ሆቴሎች ውስጥ ለበላተኛ ስጫወት ኖሬ (በእኔ ቫዮሊን ያልታጀበ ጥብስ የለም!) መምህር ልሁን ብዬ ድሬ ወረድኩ። ዩኒቨርሲቲው በጊዜያዊነት ቀጠረኝ። ቋሚ ለመሆን ግን ሦስት አባላት ባሉት ኮሚቴ ፊት ተጫውቼ ማለፍ ነበረብኝ። ከወደቅሁ ወደ ጥብሱ መመለሴ ነው።

ፈተናው ሲቃረብ ሙቀቱ ቫዮሊኔን እንደ ቋንጣ ያደርቀው ጀመር። እንጨቱ ሲንቋቋ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ቀፊራ ገበያ ጫት የምትሸጠው ጎረቤቴ ፋጡማ ሳቀችብኝ።

«አቦ፣ አንተ ደግሞ! እኔ ጫቴን ቀኑን ሙሉ ለምለም የማደርገው በምንድን ነው? በእርጥብ ጆንያ!»

«ፋጡማ፣ ይሄ እኮ እንጨት ነው።»

«ጫትስ ምንድን ነው? ጎመን ነው?»

ጎመንስ አይደለም ብዬ ተስማማሁ። የፈተናው ዕለት ጠዋት ቫዮሊኔን በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ፣ ውሃ በጠጣ ጆንያ አስራ አስረከበችኝ።

ከሰዓት በኋላ ስሄድ የባጃጁ ሾፌር ጥቅሉን በመስታወት እያየ ምራቁን ዋጠ።

«ወሪያ፣ የየት አገር ጫት ነው?»

«ጫት አይደለም፤ ቫዮሊን ነው።»

«እሱን ዓይነት ቀምሼ አላውቅም። ያመረቅናል?»

ኮሚቴው የተሰየመው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ድሬ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ማለት… ምሳ ተበልቶ፣ ጉንጭ በጫት ሞልቶ፣ ዓለም በሙሉ ዘመድ የሚመስልበት ሰዓት ነው። ሦስቱም ዓይናቸውን አፍጥጠው በጥሞና ይጠብቁኛል።

ጆንያውን ፈታሁ። ቫዮሊኑን ትከሻዬ ላይ አሳርፌ ደጋኑን ገና ሳስነካው… ሽርርርክ! ለካ ሙጫው ሟሙቶ ኖሯል! ሆዱ በአንድ በኩል፣ ጀርባው በሌላ በኩል ተዘረገፈ። ክሮቹ እንደ ፓስታ ጫማዬ ላይ ተጠመጠሙ። እጄ ላይ የቀረው አንገቱ ብቻ! የሆቴሉ ጥብስ ሲንጫጫ ጆሮዬ ላይ መጣ…

ሰው ሲጨንቀው ምን አያደርግም! ዓይኔን ጨፍኜ ደጋኑን አየር ላይ ማመላለስ ቀጠልኩ። የሚሰማው የጣሪያው ቬንትሌተር ብቻ ነው። ስጨርስ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ።

ሰብሳቢው ዕንባውን እየጠረገ ተነሳ።

«ብዙ ሙዚቃ ሰምቻለሁ» አለ፤ «እንዲህ ያለ ግን…»

«በተለይ መሃል ላይ ያለችው!» አለች አጠገቡ ያለችው መምህርት። «እናቴን አስታወሰችኝ።»

ሦስተኛው ግን ፊቱን አኮሳተረ።

«መጨረሻው ላይ ትንሽ ጮኸብኝ» አለ።

ያለ ድምፅ ተጫውቼ በሙሉ ድምፅ አለፍኩ!

አሁን ቋሚ መምህር ነኝ። ችግሩ፣ በተማሪዎች ምረቃ ላይ ያንኑ ሙዚቃ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። ምረቃው ደግሞ ጠዋት ነው፤ አንድም ሰው ሳይቅም! ስለዚህ ያንን ባለ ባጃጅ ካገኛችሁት አደራ ንገሩልኝ፦ ቫዮሊን ያመረቅናል… ግን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይሠራም!