የጉና መሿለኪያ

ሳይጠየቅ የሚያስረዳ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? አንዱን በቅርብ አውቀዋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ፊቱን የማጥብለት እኔ ነኝ።

በደርግ ጊዜ ገሳይ ከተማ አጠገብ መሠረተ ትምህርት አስተምር ነበር። ጉና ተራራ ተፈልፍሎ መኪና ሊያልፍበት ነው የሚል ወሬ ቢመጣ፣ ሰሌዳው ላይ ተራራ ሣልኩና ሆዱን በጠመኔ በሳሁት።

«ይህ መሿለኪያ ይባላል። በዚህ ገብቶ በዚያ መውጣት ነው።»

እማማ ጥሩነሽ ከኋላ ተነሡ። ልጃቸው ከውትድርና ምልመላ ተደብቋል። ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣ እኔና የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ስንቀር።

«ሰው ሳያይ ይታለፍበታል?»

«ማንን ሊያሳልፉበት ነው፣ እማማ?»

ከፊት የተቀመጠውን ሊቀመንበር አየት አደረጉት። «በጎቼን ነዋ!»

ክፍሉ ሳቀ። አስተማሪ ስህተት ሰምቶ እንዴት ዝም ይላል?

«በግ ምን ያስደብቀዋል? የሚደበቅስ ሰው ነው» አልኩ ረጋ ብዬ።

ሳቁ ቆመ። ሊቀመንበሩ ዞር ብሎ እማማ ጥሩነሽን አያቸው።

በማግስቱ ልጁን ከእህል ጎታ ውስጥ አውጥተው መኪና ላይ ጫኑት። መኪናው ተራራውን ዞሮ እስኪሰወር እናቱ መንገድ ዳር ቆሙ። ቀረብኳቸው።

«እማማ፣ እኔ እኮ ማለት የፈለግሁት...»

«ተወው የኔ ልጅ» አሉኝ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ። «ሁሉም ሰው ገብቶታል።»