ሊቀ ምስክራን ይሻው ጃዝ የሰሙ ዕለት

በየከተማው ያልነበረበት ቦታ የሌለ አንድ ሰው አለ። ድልድዩ ሲመረቅ ነበር። ታቦቱ ሲገባ ነበር። ሌባው ሲያመልጥ ነበር፣ ዳኛው ሲፈርድም ነበር፤ ሁለቱ በአንድ ሰዓት የሆኑ ቢሆኑ እንኳ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም የሚል አንባቢ ካለ፣ ወይ ከቤቱ ወጥቶ አያውቅም፣ ወይ ሰውየው ራሱ ነው።

የደብረ ታቦሩ ጋሽ ይሻው ይባላሉ። ከተማው ያለ አንዳች ተቃውሞ ሊቀ ምስክራን ብሎ ሾሟቸዋል። ሹመቱ ካባም ደመወዝም የለውም፤ እሳቸው ግን ሁለቱንም እንዳገኘ ሰው ይኮሩበታል። ሊመሰክሩ ሲነሡ ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ከዚያ ጣታቸውን ወደ ግራ ዓይናቸው ቀስረው "በዚህ ዓይኔ" ይላሉ። የግራ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ብዙ ዘመን ሆኖታል። ደህናው የቀኙ ነው። በቀኙ ያዩትን ነገር ግን እስከ ዛሬ ለማንም ነግረው አያውቁም።

የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ የተሠራበትን ጋፋትን ሊያዩ እንግዶች ሲመጡ ሊቀ ምስክራን ከየትኛው የእግር መንገድ ብቅ እንደሚሉ አይታወቅም። አንድ ቀን አስጎብኚው ስለ መድፉ ሲያስረዳ መሃል ገብተው፣ "ኧረ እሱን ተወው፤ ክብደቱ ወገባችንን ነው የቆረጠው" አሉ። እንግዶቹ ተያዩ። የባህል ቢሮው የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሠናይት አብራ ነበረች።

"ጋሼ፣ ይህ ነገር ከሆነ እኮ መቶ ሃምሳ ዓመት አልፎታል" አለቻቸው። "ስምዎም የትም አልተጻፈ።"

"ከኋላ ነበርኩ ልጄ" አሉ ያለ ምንም ድንጋጤ። "የሚጻፈው የፊተኛው ነው።"

ጣራ ገዳም ጫካ ውስጥ ነብር ከአንድ መነኩሴ ጋር ተፋጦ ዘወር ብሎ የሄደ ዕለትም ነበሩ። መነኩሴው ብቻዬን ነበርኩ ብለዋል ሲባሉ፣ "እውነታቸውን ነው። ብቸኝነታቸውን እንዳልረብሽባቸው ብዬ ከኋላ ዝም አልኩ" አሉ። ባለቤታቸው እሜቴ ፈንታነሽ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ "ከገዛ ሠርጉ በቀር ያልነበረበት የለም" አሉ። "እኔን ሊወስድ ሲመጣ አመሸ። የሌላ ሰው ሠርግ ላይ ነበር።"

ሰው ይስቃል፤ ሠናይት ግን አትስቅም። ታሪክ በዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ የአገሯን ወረቀት ከአይጥና ከዝናብ ስታስጥል የኖረች ሴት ናት። ዓመተ ምሕረት የሌለው ፎቶግራፍ ሲመጣላት ፊቷ ይጠቁራል። "ማስረጃ የሌለው ነገር ወሬ ነው" ትላለች፤ ይህም እንደ ሊቀ ምስክራን ዓይን በከተማው የታወቀ ነው። ከሊቀ ምስክራን ጋር ያቃቃራት ግን መድፉም ነብሩም አይደለም። እናቷ ናት።

እናቷ አሰለፈች ዘፋኝ ነበረች። "ውርጩ" የተባለውን ዘፈኗን የማያውቅ በዚያ አገር የለም፤ ገብስ የሚያጭድም ሚኒባስ የሚነዳም ያንጎራጉረዋል።

ውርጩ ገብሱን መታው ሌሊቱን አድሮበት፤
የኔን ልብ ምን መታው ቀን ፀሐይ ወጥቶበት።

ሠናይት ይህ ግጥም ከየት እንደ መጣ ታውቃለች። እናቷ ገና ልጃገረድ ሳለች፣ ጉና ግርጌ የቤተሰቧን ማሳ ውርጭ አቃጥሎት ባደረ ማለዳ፣ አጥሩ ጥግ ቆማ የገጠመችው ነው። እንደ ሊቀ ምስክራን ምስክርነት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አሰለፈች ጉና ግርጌ በአንድ ሠርግ ላይ ስትዘፍን ብርዱ ድምጿን ነጠቃት፣ ግጥም ጠፋት፣ ሰው ሁሉ አፍጥጦ ቀረ፤ ያኔ እሳቸው ከዳሱ ኋላ ቆመው "ተቀበይ" አሏት፣ ያን ግጥም ሰጧት፣ እሷም ስም አተረፈች። ሠርጉ በእውነት ነበረ፤ "ውርጩ" ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘፈነውም እዚያ ነው። ሊቀ ምስክራን ግን አልነበሩም። ይህን ሠናይት ከእናቷ አፍ ሰምታለች።

እናቷ አምና በጥቅምት በድንገት ዐረፈች። ሠናይት ያን ዕለት ለሥልጠና ባሕር ዳር ነበረች። ስትደርስ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ለቀስተኛው ሁሉ የሚናገረው ነገር ይዞ ጠበቃት። ምን በልታ እንደ ነበር፣ የትኛው ትከሻዋን እንዳመማት፣ ለጎረቤት ምን ብላ እንደ ሳቀች። እሷ ብቻ የምትናገረው አልነበራትም። አላለቀሰችም። በቀብሩ የእናቷ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ የልደት ዘመኗ ተሳስቶ ስለ ሰማች አንባቢውን አስቁማ አረመች፤ ሕዝቡ ክው አለ።

በሠልስቱ ሊቀ ምስክራን ድንኳን ገብተው አጠገቧ ተቀመጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሠናይት ልጄ፣ እናትሽ ስታርፍ አጠገቧ ነበርኩ። በዚህ ዓይኔ። አንችን ጠርታ፣ ‘ለሠናይት’ ብላ…"

"አልነበሩም" አለቻቸው፣ ድንኳኑ ሁሉ እየሰማ። "ያን ዕለት ክምር ድንጋይ ከተማ ተዝካር ላይ ነበሩ። የሄዱበትን መኪናም አውቃለሁ።"

ሊቀ ምስክራን ጋቢያቸውን ሰብስበው ከድንኳኑ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሲገናኙ ሰላምታቸው ከመንገድ ማዶ ሆነ።

ዘንድሮ ቤዛዊት የምትባል የጃዝ ድምፃዊት ከአዲስ አበባ ስልክ ደወለች። በእናቷ ፀጉር ቤት የአሰለፈችን ካሴት እየሰማች ያደገች ልጅ ናት። ለአሰለፈች መታሰቢያ የሚሆን ኮንሰርት፣ በአሰለፈች አገር፣ ከነባንዷ መጥታ ልታቀርብ ፈለገች። የባህል ቢሮው ኃላፊ ማሩ በደስታ እንቅልፍ አጣ። ሠናይት ከዘፈኑ በፊት የእናቷን የሕይወት ታሪክ ልታነብ ተስማማች፤ ያውም በአንድ ቅድመ ሁኔታ።

"ጋሽ ይሻው ማይክ አይያዙ።"

"ኧረ ሠናይት፣ የሰው አፍ እንዴት ይዘጋል?" አላት ማሩ።

"አፋቸውን አላልኩም። ማይኩን ነው ያልኩ። እናቴ ለአንድ ቀን እንኳ ያለ ውሸት ትነገር።"

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ እስከ በሩ ሞላ። ሊቀ ምስክራን አዲስ ጋቢ ለብሰው መጥተው፣ ቦታ ሲለቀቅላቸው እምቢ ብለው፣ ሄደው መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ሠናይት አነበበች። ትውልድ፣ ዘመን፣ ቦታ፣ ሁሉም በልኩ። "‘ውርጩ’ን የገጠመችው ራሷ አሰለፈች ናት፤ ሌላ ሰው የለበትም" ያለች ጊዜ አዳራሹ እንደ አንድ ሰው ዞሮ ወደ ኋላ አየ። ሊቀ ምስክራን ጣሪያውን ይመረምሩ ነበር። ሠናይት ማይኩን ለማንም አልመለሰችም፤ ፊት ረድፍ ተቀምጣ ጉልበቷ ላይ አስተኛችው።

ከዚያ ቤዛዊት ወጣች፤ ሕዝቡም ደነገጠ።

ደብረ ታቦር "ውርጩ"ን የሚያውቀው በእስክስታ ነው። ቤዛዊት ግን የጀመረችው በሹክሹክታ ነው። ቤዝ ጊታሩ እንደ ደከመው ሰው አንድ እርምጃ ሄዶ ያርፋል። ሳክስፎኑ የጀመረውን ትቶ ሌላ ይጀምራል። እሷም አንዷን ቃል ይዛ ወደ ላይ ወስዳ፣ አንጠልጥላ፣ ልትመልሳት ነው ሲባል ሌላ ቦታ ታሳርፋታለች። መሃል ረድፍ ያሉ አንድ ሽማግሌ ወደ ልጃቸው ዘንበል አሉ።

"ይህች ልጅ ምን ሆናለች?"

"ጃዝ ነው፣ አባባ።"

"እግዜር ይማራት" አሉ ሽማግሌው።

ሁለተኛው ግጥም ላይ ሲደርሱ ይባስ ብሎ ቃሉን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ዓይኗን ጨፍና በ"እ…ም" ብቻ ታዜም ጀመር። በጃዝ አገር ይህ ጥበብ ነው ይባላል። በእነ ሊቀ ምስክራን አገር ግን ዘፋኝ ያለ ቃል ማንጎራጎር የጀመረች እንደ ሆነ ግጥም አልቆባታል፤ ስንቅ አልቆብኛል ማለቷ ነው። ያኔ ከተቀመጠው አንዱ "ተቀበይ" ብሎ ተነሥቶ ግጥም ይሰጣታል፤ እሷም ተቀብላ ትዘፍነዋለች። ዝም ብሎ የተቀመጠ እንግዳ የተራበ እያየው ብቻውን እንደ በላ ሰው ነው። ሰዉ በወንበሩ ላይ ይቁነጠነጥ ጀመር።

"ተቀበይ" አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

ሳክስፎኑ መሃል ላይ ተቋረጠ። ማሩ ከመቀመጫው ብድግ አለ። መጨረሻው ረድፍ ላይ ሊቀ ምስክራን ይሻው ዱላቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል፤ ማይክ አልያዙም፣ ማይክም አላስፈለጋቸው። ሠናይት ደሟ ሁሉ ወደ ፊቷ ሲወጣ ተሰማት።

ቤዛዊት ዓይኗን ገለጠች። ለትንፋሽ ያህል ደንግጣ አየቻቸው፤ ከዚያ ጎንበስ አለች።

"ልቀበል፣ አባቴ።"

ቤዝ ጊታሩ በዝግታ ቀጠለ። ሊቀ ምስክራን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"በጉና ግርጌ ላይ ድምጿ ተሰወረ፤"

ቤዛዊት ተቀበለችው። ያችን ነጠላ ስንኝ በጃዟ አዙራ ስትዘፍናት አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። ዘፍና ጨረሰችና የሚቀጥለውን ጠበቀች።

የሚቀጥለው አልመጣም። ሊቀ ምስክራን አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንም አልወጣም። ዕድሜ ልካቸውን ነገር አልቆባቸው የማያውቁት ሰው፣ ከተማው ሁሉ ዞሮ እያያቸው፣ ደረቁ። በዚህ አገር ግማሽ ግጥም ሰጥቶ መቆም ሙሽራን በቅሎ ላይ ትቶ እንደ መሄድ ነው። ቤዛዊት ጊዜ ልትሰጣቸው ስንኟን ደገመችላቸው። ሠለሰችላቸው። አንዱ ከጥግ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ጎኑ ተዛመተ።

ከሠናይት ጀርባ እሜቴ ፈንታነሽ ተቀምጠው ነበር። ለማንም ሳይሆን፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ ቀስ ብለው ተናገሩ።

"ምነው ባይስቁበት። ያን ዓመት ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ በወባ ወድቆ ነበር። አጥንቱ ቀርቶ ሲመለስ ከተማው ስለዚያ ሠርግ፣ ስለዚያች ዘፋኝ ያወራል፤ እሱ የሚያወራው አጣ። ከዚያ ነው የጀመረው።"

ሠናይት ከባሕር ዳር መጥታ የገባችበት ድንኳን ፊቷ ላይ ድቅን አለ። ሁሉም የሚናገረው ነበረው። በእጇ ያለው ማይክ ከበዳት። ተነሣች።

ሳቁ ቀጥ አለ። ሠናይት ማይክ ይዛ ስትነሣ ምን እንደምትል ያልገባው ሰው አልነበረም፤ የእናቷን ቀብር አስቁማ ያረመች ሴት ናት። ማሩ ዓይኑን ጨፈነ። ሊቀ ምስክራንም ፍርድ እንደሚሰማ ሰው አንገታቸውን ደፉ።

ግጥም ገጥማ አታውቅም። ድምጿም የእናቷ አይደለም፤ የዘወትር የቢሮ ድምፅ ነው።

"ከኋላ የቆመው ጋሽ ይሻው ነበረ።"

ዓመተ ምሕረት ለማረም ቀብር ያስቆመችው ሠናይት፣ በከተማው ፊት፣ ያለ አንዳች ማስረጃ መሰከረች። ግጥሙን እንዳልሰጠቻቸው ያስተዋለ ያስተውል፤ ቦታውን ግን ሰጠቻቸው። ቤዛዊት ቤቱን ያገኘውን ግጥም ተቀብላ ሽቅብ ወሰደችው፤ ሳክስፎኑ ተከተላት፤ ከሴቶቹ ረድፍ እልልታው ፈነዳ። ያቺ ልጅ ምን ሆናለች ያሉት ሽማግሌ ትከሻቸውን መነቅነቅ ጀምረዋል። ከሁሉም የደነገጡት ግን ሊቀ ምስክራን ናቸው። ወንበራቸውን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡና ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት። ስንቱን ሲመሰክሩ ኖረው፣ ሲመሰከርላቸው ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሕዝቡ ሲበተን በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት። የጉና ነፋስ መንፈስ ጀምሯል።

"ሠናይት ልጄ" አሉ፤ ድምፃቸው ቀጥኗል። "እኔ እኮ ያን ጊዜ…"

"ነበሩ" አለቻቸው። "ሕዝብ ሰምቶታል። ከእንግዲህ አይታረምም።"

ሄደች ሲሉ አልሄደችም።

"ጋሼ፣ በለቅሶው ጊዜ ያቋረጥኩዎት ነገር አለ። እናቴ ስታርፍ… ‘ለሠናይት’ ብላ ነበር ብለውኝ ነበር።" ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። "ከዚያስ ምን አለች?"

ሊቀ ምስክራን በቀኙ፣ በደህናው ዓይናቸው አዩአት፤ ረጅም ጊዜ አዩአት። እንባዋ ያን ጊዜ ገና መውረድ ጀምሮ ነበር። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጣታቸውንም አንሥተው ወደ ግራ ዓይናቸው ቀሰሩ።

"በዚህ ዓይኔ" አሉ።

ሠናይት ቃል እንዳያመልጣት ጠጋ አለች።