አሊዪ ያልተስማማበት ውሳኔ

ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ሁሉ አሊዪን ያውቀዋል። ነገሩ አልቆ፣ ሰው ልብሱን አራግፎ ሊነሣ ሲል፣ ጣቱን ቀስሮ «አንዲት ነገር ብቻ!» የሚል ሰው በየአገሩ አለ። ከዕድርም፣ ከሽምግልናም፣ ከሠርግ ዳስም አይጠፋም። የእኛው ግን የሁሉም አውራ ነበር። እኛ ደረሳዎቹ፣ ማለትም ሼህ ሷሊሕ ዘንድ የምንቀራው ተማሪዎች፣ በታላቅ አክብሮት «የተቃውሞው ሡልጣን» እንለው ነበር።

ዝናብ ጣለ ስንለው «ካፊያ ነው» ይላል። እሺ ካፊያ ነው ስንለው «ለማሽላው ግን ዝናብ ነው» ይላል። አንድ ጊዜ አዛን የሚያደርገው ሰው ታሞ ማን ይተካው ብለን ብንመክር፣ ሡልጣኑ ስለ ድምፅ ማማር ሲከራከር የሶላቱ ሰዓት ሊያልፍ ምንም አልቀረው።

ጣልያን ሸዋ ሮቢት ላይ ካምፕ በሠራ በሁለተኛው ዓመት ግን የምንከራከርበት ነገር ከበደ። በሮቢ ወንዝ ዳር ተኩስ በተነሣ ቁጥር ቁስለኛ ሜዳ ላይ ይቀራል። አንዱ በጎረቤት መንደር አጥር ሥር ውሃ እየለመነ ሞተ፤ ሰዉ የማን ወገን እንደሆነ ሲማከር ድምፁ ጠፋ። ሰዉም ወዶ አይደለም። ጣልያን አርበኛ ያስጠጋን ቤት ያቃጥላል፤ አርበኞቹም ባንዳ ያስጠጋን አይምሩም። ከእኛ መሀል ደግሞ ወንድሙ ጫካ የገባ አለ፤ አጎቱ የጣልያን ጠመንጃ የተሸከመም አለ። ሼህ ሷሊሕ ወደ ደብረ ሲና ሲሄዱ «ልጆች አይደላችሁም፤ ተመካከሩና ወስኑ» ብለውን ሄዱ።

የደረሳዎቹ አለቃ አብዱልመጂድ ሰበሰበንና ሐሳቡን አቀረበ፤ «ወደ ደጃችን የመጣ ቁስለኛ፣ የማንም ወገን ቢሆን ውሃ ይጠጣል፣ ቁስሉም ይታጠባል።»

ሁላችንም ወደድነው።

«አንዲት ነገር ብቻ!» አለ አሊዪ። «ወደ ደጃችን የመጣ ትላላችሁ። ቁስለኛ ነው ወይስ ሙሽራ? በእግሩ እስኪመጣ ልትጠብቁት ነው?»

እውነት ነው። «ሄደን እናነሣዋለን» የሚል ተጨመረ።

«ማን ነው የሚሄደው?»

«እሱ ሲደርስ ይታያል» ብለን አለፍነው።

«ጠመንጃውስ? ጠመንጃውንም ልታስጠጉት ነው?» ጠመንጃ ከአጥር ውጭ እንዲቀር ተስማማን። «ሆዱን የቆሰለስ? ውሃ ብታጠጡት ገደላችሁት።» ከንፈሩን ማርጠብ ይበቃዋል ተባለ። የአሱር ሶላት ደረሰ።

አብዱልመጂድ ትዕግሥቱ አልቆ «የተስማማ ወደ ሾላው ጥላ ይሂድ!» አለ። ሁላችንም ሄድን። አሊዪ ብቻውን ፀሐይ ላይ ቀረ።

«ምን ሆነሃል? የጨመርነው እኮ ያንተን ሐሳብ ነው!»

«ሐሳቡስ ደግ ነው» አለ ላቡን እየጠረገ። «ሁላችሁም ባንድ ጊዜ መስማማታችሁ ነው ያላማረኝ።»

ሳምንት ሳይሞላ ወንዙ ዳር ተኩስ ተነሣ። ጋብ ሲል የሰው ጣር ተሰማ። እርስ በርስ ስንተያይ አሊዪ ተነሣ። «ማን ነው የሚሄደው ብዬ ጠይቄ ነበር» አለና ወጣ። አፍረን ተከተልነው።

አንድ ባንዳ ጎኑን ተመትቶ፣ አንድ አርበኛ እግሩ ተሰብሮ አገኘን። አሊዪ ባንዳውን አዝሎ ዳገቱን ሲወጣ «ጨምድደህ አትያዘኝ» «ካልያዝኩህ እወድቃለሁ» እየተባባሉ ነበር። አርበኛው በቃሬዛ ደርሶ ባንዳውን ሲያይ «ከዚህ ውሻ ጎን አልተኛም!» አለ።

«ደግ» አለው አሊዪ። «ተነሥና ሂድ።»

አርበኛው እግሩን አየና ተኛ።

ሁለቱ ማገገም ሲጀምሩ አሊዪን ወባ ጣለው። ያን ሰሞን የማሽላ ማሳዋ ከእኛ ግቢ የሚዋሰነው እትዬ ሐረገወይን እየሮጠች መጣች። «ልጆቼ፣ ጠቋሚ አለ። ነገ ሊፈትሿችሁ ነው!»

ተሰበሰብን። መስጊድ ውስጥ እንደብቃቸው ተባለ፤ ባንድ ቃል ተስማማን። ውሳኔ እንዲህ ቀሎን አያውቅም። ሆኖም ማንም ከተቀመጠበት አልተነሣም። «አንዲት ነገር ብቻ!» የሚለን ጎድሎ ነበርና፣ እትዬ ሐረገወይንንም አስከትለን የአሊዪ መኝታ ጋ ሄድን።

«ምን ወሰናችሁ?» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። ነገርነው።

«ተሳስታችኋል።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለ አብዱልመጂድ፤ እንባው መጣ።

«መጀመሪያ የሚፈትሹት እሱን አይደል? ቁስለኛ ያገኙበትን ቤት ያቃጥላሉ፤ መስጊዱን ልታስበሉት ነው? ወደ እትዬ ሐረገወይን ማሽላ አግቧቸው። እትዬ፣ ይቃወማሉ?»

«አልቃወምም ልጄ።»

«ትንሽ እንኳ ይከራከሩ እንጂ!» አለ ቅር ብሎት።

በማግሥቱ ወታደሮቹ መጥተው ምንጣፉን ሁሉ ገለበጡ፤ አብዱልመጂድን በሰደፍ መቱት፤ ምንም ሳያገኙ ሄዱ። ሁለቱ ቁስለኞች ከማሽላው መሀል ትንፋሻቸውን ውጠው ተኝተው ነበር። አርበኛው በኋላ እንደነገረን፣ ባንዳው ሳሉ ሲመጣበት አፉን በመዳፉ ያፈነለት እሱ ነው። «ለራሴ ብዬ ነው» አለ።

ድነው የሚሄዱበት ቀን ባንዳው «ወደ ካምፕ አልመለስም፤ እናቴ ጋ ነው የምሄደው» አለ። አሊዪ በዋናው መንገድ ሂድ አለው። አርበኛው በዚያ ከሄደ ይያዛል፣ በቀወት ቁልቁለት ይሻለዋል አለ። ፀሐይ አናት ላይ እስክትደርስ ተከራከሩ። በመጨረሻ አርበኛው «ኧረ ተወኝ! እኔው አሳየዋለሁ» ብሎ ምርኩዙን አነሣ። አንዱ ጎኑን ይዞ፣ አንዱ እያነከሰ፣ ቁልቁለቱን አብረው ወረዱ።

አሊዪ ከደጃፍ ተቀምጦ እስኪሰወሩ ድረስ ያያቸው ነበር። ትኩሳቱ አልለቀቀውም፤ ጋቢዬን አውልቄ ትከሻው ላይ ጣል አደረግሁለት።

«አልበረደኝም» አለኝ እየተንቀጠቀጠ።

«በርዶሃል» አልኩት።

እስከ መግሪብ ሶላት ድረስ ተከራከርን። ጋቢውን ግን አላወለቀም።