የኢንጂነር እንድሪስ ቁራጭ ኮዶች

ሥራ እናቃልላለን ከሚሉ ሰዎች ይሰውራችሁ። ሥራ የሚያበዛብኝን አለቃ ችዬ ኖሬያለሁ፤ ሥራ የሚያቃልልልኝን ባልደረባ ግን እስከ ዛሬ አልቻልኩትም። እንዲህ ያለ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። የሃያ ደቂቃ ሥራ ስትሰጡት «ቆይ፣ ይሄ እኮ ወደፊትም ይመጣል» ይልና አራት ቀን ይጠፋባችኋል። በአምስተኛው ቀን ዓይኑ ቀልቶ፣ ጢሙ አድጎ ብቅ ይላል፤ ከእንግዲህ ያ ሥራ በሦስት ሴኮንድ እንደሚያልቅ ያበስራችኋል። ያ ሥራ ግን ተመልሶ አይመጣም።

የእኛው ክቡር ኢንጂነር እንድሪስ ይባላል። ኢንጂነርነቱን የሰጠችው ከተማችን ቆቦ ናት፤ እዚህ ሜትር ይዞ አስፋልት የተሻገረ ሁሉ ኢንጂነር ነው። እኔም ኢንጂነር ጎይቶም ነኝ፤ ወንድሞቼ በሰሙ ቁጥር ይስቃሉ። እውነቱን ለመናገር ሁለታችንም የቤት ፕላን ሣዮች ነን። ቢሯችን ከሕንፃ ዕቃ መደብር በላይ ያለች አንድ ክፍል ናት፤ ከታች ብረት በተራገፈ ቁጥር ከላይ ጠረጴዛችን ይንቀጠቀጣል።

ቁራጭ ኮድ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ላስረዳ። በኮምፒውተር በር ስትሥሉ መስመር ትጎትታላችሁ፣ ቅስቱን ታዞራላችሁ፣ ልኩን ትጽፋላችሁ። እንድሪስ ይህን ሁሉ አንድ ጊዜ በኮድ ጽፎ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ወዲያ ሁለት ፊደል ሲመታ በሩ ከነልኩ ቁጭ ይላል። እኔ መስመር ስጎትት ካየኝ ከነወንበሩ እየተንሸራተተ ይመጣል፤ «እጅህን አታድክም፣ ቁራጭ አላት!» ይለኛል። ለበሩ ቁራጭ አላት፣ ለመስኮቱ ቁራጭ አላት፣ ለውኃ ታንከሩ ቁራጭ አላት። አንድ ቀን አስነጠሰኝና «ይማርህ» ከማለቱ በፊት ለዚህም ቁራጭ ያላት መስሎኝ ደነገጥኩ።

ለምን እንደሚቸኩል አልደበቀኝም። ሚስቱ ኡሙሃኒ ጅዳ ሰው ቤት ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው። ለአረፋ ትመጣለች፤ ስትመጣ የቤታቸው መሠረት ይቆፈራል። ፕላኑን የሚሥለው እሱ፣ የምታዘው እሷ። አርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማዳም ዘመድ ጥየቃ ስትወጣ ኡሙሃኒ አሥር ደቂቃ ታገኛለች፤ ትደውላለች፤ እሱም የስልኩን ካሜራ ወደ ስክሪኑ ያዞርላታል። «ጓዳውን ሰፋ አድርገው» ካለች እዚያው እያየች መስፋት አለበት። በእጅ ከሣለው አሥሩ ደቂቃ በመስመር ጉተታ ያልቃል። በቁራጭ ከሆነ ግን ሁለቱ ለጓዳው፣ ስምንቱ ለወሬ። ይህን ሲነግረኝ በጣቱ እየቆጠረ ነበር፤ እኔም አልሳቅሁም።

በሌላ በሌላው ግን ስቄበታለሁ፣ ምን ላድርግ።

ጋሼ ሐድጉ ሮቢት ላይ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሊሠሩ መጡ። ደረጃ ያስፈልጋል። እኔ ብይዘው ከምሳ በፊት እጨርሰው ነበር፤ እሱ ግን ለደረጃ ቁራጭ ልጻፍ ብሎ አራት ቀን ተቀመጠ። ጋሼ ሐድጉ በየቀኑ ይመጣሉ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሸለብ አድርገው ይሄዳሉ። በአምስተኛው ቀን ክቡርነቱ ሁለት ፊደል መታ፤ ደረጃው ከነመደገፊያው ብልጭ ብሎ ወጣ። ጋሼ ሐድጉም ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «እንግዲህ ልጆቼ፣ በነዚህ አራት ቀናት ሳስበው ሳስበው ፎቁን ትቼዋለሁ» አሉ።

«ደረጃው ግን አላማረዎትም?» አላቸው ክቡርነቱ።

ሽንት ቤቱስ! ከቆቦ ቂብላ፣ ማለትም የሚሰገድበት አቅጣጫ፣ ወደ ሰሜን ቀጥ ብሎ ነው፤ ሙስሊም ደንበኞቻችን ደግሞ ሽንት ቤት ሲቀመጡ ፊታቸው ወይ ጀርባቸው ወደዚያ እንዲሆን አይፈልጉም። እንድሪስ የሰሜኑን ቀስት አይቶ መቀመጫውን በራሱ ወደ ጎን የሚያዞር ቁራጭ ጻፈ። አጃኢብ የሚያሰኝ ሥራ ነበር። ችግሩ፣ ቁራጯ ቤቱ የማን እንደሆነ አትጠይቅም፤ ጠባብ ይሁን ሰፊም አታይም። የጋሼ ሐድጉን መቀመጫ አዙራ ከግድግዳው ጋር አፋጠጠችው። በጋሼ ሐድጉ አንገት፣ ማዕተቡ ላይ ያለውን መስቀል እያየ፣ ክቡርነቱ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ጉልበትዎን ትንሽ አጠፍ ቢያደርጉ ይበቃል» ይላቸዋል።

እንዲህ እየሠራ በቀን ሁለት ሰዓት አተርፋለሁ ይላል፤ እውነቱን ነው። ያተረፈውን ሰዓት ግን የሚወስድበት ቤት የለውም። እኔ ዕቃዬን ስሰበስብ እሱ መስኮቱ ጋ ቆሞ ወደ ወልዲያ የሚሄዱትን መኪኖች ያያል። «አትሄድም እንዴ?» ስለው፣ «ሂድ፣ እመጣለሁ» ይላል። የት እንደሚመጣ እንጃ። የተከራየው አንድ ክፍል ነው፤ ሁለት ኩባያ አለኝ ብሎኛል፣ አንደኛው ከነወረቀቱ ነው።

አንድ አርብ እንድሪስ ስልኩን እንደ ልማዱ ቻርጅ ላይ ትቶ ጁምዓ ሄደ። ሰባት ሰዓት ገደማ ስልኩ ጮኸ። ኡሙሃኒ ናት። ደነገጥኩና አነሳሁት።

«ጎይቶም ወንድሜ፣ ደህና ዋልክ? እንድሪስ ጁምዓ ነው አይደል?»

«አዎ፣ አሁን ይመጣል። ትንሽ ቆይተሽ ብትደውይ…»

«አይ አይ፣ እንዳትዘጋው። እስቲ ቤቱን አሳየኝ።»

ፕላኑን ከፍቼ ካሜራውን አዞርኩላት። አየችው። ከዚያ የጓዳው መስኮት ትንሽ ወደ በሩ ይጠጋ አለች። በእጄ ልጎትተው ብል ግድግዳው ተበታተነብኝ። ኋላ አምላኬን ጠርቼ የክቡርነቱን የኮድ ፋይል ከፈትኩ፤ የመስኮቷን ቁራጭ ፍለጋ።

ከየቁራጩ በላይ አንድ መስመር ማስታወሻ አለ፤ ኮምፒውተሩ ይዘለዋል፣ ሰው ያነበዋል። የመስኮት ልክ ምናምን የሚል መስሎኝ ነበር።

«ጥር 9፣ ኡሙሃኒ፦ መስኮቱ የጠዋት ፀሐይ ያስገባ። እዚያ የምትተኛበት ክፍል መስኮት የለውም።»

ወረድ አልኩ። «ግንቦት 8፣ ኡሙሃኒ፦ ጣራ ላይ መውጫ ደረጃ ቢኖረን፤ በበጋ ነፋስ እንቀበልበታለን።» ወረድ አልኩ። «ጥቅምት 7፣ ኡሙሃኒ፦ ሽንት ቤቱ ከቂብላ ይዙር። ይህን ብላ ሳቀች።» ወረድ። «ኅዳር 12፣ ኡሙሃኒ፦ ከጓዳ ወደ ውጭ ሁለተኛ በር። እናቷ በዚያ ነበር የምትገባው።»

አፌን በእጄ ያዝኩ። አንድም ቁራጭ ለሥራ የተጻፈ የለም። ሁሉም የእሷ ነው። እኛ ደግሞ እነዚህኑ ቁራጮች እየመታን ከጎብዬ እስከ ሮቢት ስንት ሰው ቤት ሥለናል! ከጓዳቸው በሁለተኛው በር የሚወጡ ሴቶች በሩን ማን እንዳዘዘው አያውቁም።

አነበብኩላት። ሁሉንም።

«ይጽፈዋል እንዴ?» አለች። ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ተቆረጠ፤ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ።

«ጎይቶም፣ ጁምዓ ላይ መሆኑን አውቄ ነው የደወልኩት። ለአረፋ አልመጣም። ማዳም ሁለት ዓመት ጨምሪ አለችኝ፣ እኔም እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ አትጠይቀኝ።»

«አንቺው ብትነግሪው አይሻልም?»

«ሁለት አርብ ሞከርኩ። ‹አረፋ ስንት ቀን ቀረው መሰለሽ?› ይለኛል፤ ቁጥሩን ሲነግረኝ አፌ ይያዛል። ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማው ብዬ ነው። አንተ አለህ አይደል እዚያ?»

«አለሁ» አልኳት።

እንድሪስ ነጭ ቆቡን እንዳደረገ ገባ። «ኡሙሃኒ ደውላ ነበር» አልኩት።

«አሁን? በጁምዓ ሰዓት?»

በሰዓት የሚኖር ሰው ነው፤ ሰዓቱ ራሱ ነገረው። ቆቡን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ «አትመጣም?» አለኝ።

«ሁለት ዓመት ጨመረች።»

ተቀመጠ። ኪቦርዱን አልነካም። ከታች ብረት ያራግፉ ነበር። «እኔ እኮ አልወቅሳትም፤ ወላሂ አልወቅሳትም። ግን ጎይቶም፣ በሬን የምከፍተው እኔ፣ የምዘጋው እኔ። ሰው ያንኳኳበትን ቀን አላስታውስም» አለ።

አራት ዓመት ጎን ለጎን ስንቀመጥ ቤቱን አንኳኩቼ አላውቅም። በየቀኑ እያሾፍኩበት የምውለውን እኔንስ ቤቴ ማን ይጠብቀኝ ነበር? ከእሱ ጋር የምጨቃጨቀው ከሌላ የምጨቃጨቀው ሰው ስለሌለኝ ነው፤ ይህን ለራሴም ነግሬው አላውቅም ነበር።

«እኔ አለሁ» አልኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ወጣሁላቸው። ከመደብሩ በር ላይ ቆሜ ሠላሳ ደቂቃ ጠበቅኩ፤ አሥሩ ደቂቃ እንዴት ሠላሳ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ከዚያ ሽሮ ልንበላ ሄድን። ሁዳዴ ስለሆነ የእኔ ሥጋ የአንተ ሥጋ የሚባል ነገር የለም፤ ከአንድ ትሪ በላን። ማታ እስከ ቤቱ ሸኘሁት፤ እሱም መልሶ እስከ ቤቴ ሸኘኝ።

ሰኞ የጋሼ ሐድጉን ፕላን ልጨርስ ተቀመጥኩ። በረንዳ ያስፈልጋል፤ ሰነፍኩና የበረንዳዋን ቁራጭ መታሁ። በረንዳው ወጣ። ከበሩ ጎን ደግሞ እኔ ያላዘዝኩት መደብ አብሮ ወጣ፤ ለሁለት ሰው የሚበቃ። ክቡርነቱ አበላሸው ብዬ ኮዱን ከፈትኩ።

«መጋቢት 18፣ ጎይቶም፦ እኔ አለሁ አለኝ።»

ዞር ብዬ አየሁት። ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ አላየሁህም ይላል። እኔም ወደ ፕላኑ ተመለስኩ።

ጋሼ ሐድጉ ከሰዓት መጡና መነጽራቸውን አድርገው ፕላኑን ጎንበስ ብለው አዩት። ጣታቸውን መደቡ ላይ አሳረፉ። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ማን አዘዘው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ» አልኳቸው።