ግርማ ሞገስ ያለው የውሻ ማስታወቂያ

ጽሑፍን ማሳመር ነፍስ ያድናል። ይህን የምለው በውሻችን በፓኬ ሕይወት ምዬ ነው።

እዚህ ሳሞአ፣ በመንደራችን የጎልማሶች ትምህርት ፊደል ለይቼ እንደጨረስኩ፣ መጀመሪያ የጻፍኩት ለአጥራችን በር ነበር፦ «ውሻ አለ። ይናከሳል።» ፓኬ ሌላ ሰው ቢነክስ እንዲገደል የአለቆች ጉባኤ ወስኗል። ቢያስሩት ገመዱን ይበላል። ልጄ ቴዊላ ደግሞ ያለ እሱ እንቅልፍ አይወስዳትም።

መምህራችን ሳኤሉ በጉባኤ ሲናገሩ ዝንብ እንኳ ቁጭ ብላ የምታዳምጣቸው አንደበተ ርቱዕ ናቸው። ሰሌዳዬን አይተው አዘኑ።

«ይሄ ምንድን ነው ልጄ?»

«ማስታወቂያ ነው፣ መምህር።»

«ሰላምታው የታለ? አለቆቹን ሳትጠሪ ዘለሽ ውሻ ላይ?»

«ሰው እንዳይነከስ ቸኩዬ ነው።»

«የቸኮለ ይጮኻል እንጂ አይጽፍም!»

እውነታቸውን ነው። ተሻሻልኩ። አዲሱ ሰሌዳ ከበሩ ሰፋ። ከላይ አለቆቹን በየማዕረጋቸው፣ ቀጥሎ ፓስተሩንና ባለቤታቸውን፣ ከዚያ ባሕሩን፣ ተራራውንና የዘንድሮውን ጎደሬ አወደስኩ። ፓኬ ከታች፣ ሣሩ ጋ፣ «ባለ ጥርሱ የቤታችን ዘበኛ» ተብሎ በትሕትና ተጠቀሰ።

«እማ፣ እዚህ ድረስ አንብበው እስኪጨርሱ ፓኬ ይጠብቃቸዋል?» አለች ቴዊላ።

«ዝም በይ! አንቺ ስለ ጽሑፍ ውበት ምን ታውቂያለሽ?»

መምህሩ የድካማቸውን ፍሬ ሊያዩ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ድምፅ አውጥተው ያነቡ ጀመር። ጎደሬው ላይ ሲደርሱ ፓኬ ከኋላቸው ደረሰ።

«ውሻ!!»

«ሰላምታውስ፣ መምህር?» አለች ቴዊላ በመስኮት። ቆነጠጥኳት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጉባኤው ተሰበሰበ። ቴዊላ የፓኬን አንገት አቅፋ ውጭ ታለቅሳለች። ከሳሹ መምህር ሳኤሉ መቀመጥ ስላልሆነላቸው ቆመው ተናገሩ። እንደሳቸው ያለ ሰው ግን ንግግሩን በውሻ አይጀምርም። አለቆቹን በየማዕረጋቸው ጠሩ፤ የሞቱትንም አልዘነጉም። ፓስተሩን አመሰገኑ፤ ባሕሩን፣ ተራራውን አወደሱ። ጎደሬው ላይ ሲደርሱ ለማታ ጸሎት የሚጠራው ትልቁ የባሕር ዛጎል እንደ መለከት ተነፋ፤ ሁሉም ተነሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ነገሩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። እዚያም የሚጀመረው ከሰላምታው ነው።

ፓኬ ይኸው ወፍሯል። እኔም ጽሑፌን ማሳመሬን አላቋረጥኩም። በሩ ላይ ግን ቴዊላ ሰሌዳዬን ገልብጣ በከሰል «ውሻ!!» ብላ ጽፋበታለች። የሰው ቃል መስረቅ ነውር ነውና፣ ከሥሩ የመምህሩን ስም ከነማዕረጋቸው አስፍራለች።